ዲፈረንሻሏን ቀይር ላላችሁኝ፦ ዲኤክሴ አሁን ዘይት ጠብ አታደርግም

ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክሷን ከገዛኋት ወራት አልፈዋል። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ፣ ፍሬኗ አላስቸገሩኝም። የማወራው ስለ ዲፈረንሻሏ፣ የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች ስለሚያከፋፍለው የጥርሶች ሳጥን ነው፣ ምክንያቱም በሱ የተነሳ ስንቱ ቀይረው ወይም ሽጣት ሲለኝ ከርሟል።

ባደረችበት ሁሉ ወፍራም፣ የሚከረፋ ዘይት ጠብ ይል ነበር። ይወጣ የነበረው ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ) ዲፈረንሻሉ ላይ ከሚታሰርበት፣ ከፒኒየኑ (የዲፈረንሻሉ መግቢያ ዘንግ) ኦይል ሲል፣ ዘይት ከሚይዘው የጎማ ቀለበት ነው። አንድ ጋራዥ ሲሉን ቀየረልኝና ብዙም ሳይቆይ መልሶ አፈሰሰ። ስመለስ "የአርባ ዓመት መኪና ናት፣ ሶማሌ ተራ ሂድና ዲፈረንሻሉን በሙሉ አምጣ" ተባልኩ። ቆይ እንጂ! ያ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ የሚመጣ ያገለገለ ዲፈረንሻልስ ሲሉ ደህና ነው ያለው ማነው?

ሌላ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሲሉን ከመንካቱ በፊት አክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘው ብረት) ላይ ያለችውን ትንሽ የመተንፈሻ ክዳን አሳየኝ። በጭቃ ተደፍና ድንጋይ ሆናለች፣ በጣት ብትሞክሯት አትነቃነቅም። ዲፈረንሻል ሲሄድ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል። ታዲያ እሷ ሳትጸዳ አስር ሲል ቢቀየር ምን ዋጋ አለው?

ፍላንጁ (ትራስሚሲዮኑ የሚታሰርበት ብረት) ሲወጣ ደግሞ የድሮው ሲል የነካው ቦታ ዙሪያውን ቦይ ሰርቷል፣ ጥፍሬን ሳስኬድበት ያዘኝ። መካኒኩ አዲሱን ሲል እንደ ድሮው እስከ ውስጥ አልገፋውም። ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ ትንሽ ወደ ውጭ አስቀረው። ፍላንጁን የሚይዘውን ዳዶም ሳይፈታ በፊት ምልክት አድርጎበት ነበር፣ ሲያስር እዚያው ምልክት ላይ መለሰው። ይሄን ቀላል ነገር አታድርጉት! ውስጥ በኩሽኔታዎቹ መካከል በልክ የተጨፈለቀ ስፔሰር (የብረት ቱቦ) አለ፣ ዳዶው ዝም ብሎ በጉልበት ከተጠበቀ ኩሽኔታዎቹ ከልክ በላይ ይጨናነቁና ይበላሉ፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉ መጮህ ይጀምራል።

ክረምቱን ሙሉ በጭቃም በዳገትም ነድቻታለሁ፣ ከስሯ ያነጠፍኩት ካርቶን ደረቅ ነው። በፈረንጆቹ 1979 የወጣው ይሄ ሞዴል በኋላ ጎማ የሚሄድ የኮሮላ ሴዳን የመጨረሻው ነው፣ ከሱ በኋላ የመጣው በፊት ጎማ ሆነ። እንደሷ ያለች መኪና በአንድ ጎማ ቀለበት ተሰልችታ አትሸጥም፣ እኔም አልሸጥም።

ዲኤክስ ያላችሁ፣ የሲል ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ከስር ገብታችሁ መተንፈሻዋን እዩ። የዲፈረንሻሉ ዘይት ደግሞ ደረጃው ጂኤል-5፣ ውፍረቱ 80ደብሊው-90 ይሁን፣ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ። "የሞተር ዘይትም ይሆናል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ጥላችሁት ውጡ።