የተፈጥሮ ጋዝ ሪቪው፦ እሳቱን ወድጄዋለሁ፣ መንገዱ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ

ሪቪው ሲባል ስልክና ጫማ ብቻ ነው እንዴ፣ ዛሬ የተፈጥሮ ጋዝን እንገምግመው። በቧንቧ ቤት ድረስ የሚመጣውን፣ በቆጣሪ የሚለካውን ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ከሲሊንደሩ ጋር አንድ ያደርገዋል፣ አይደለም፣ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ፕሮፔንና ቡቴን ነው በግፊት ፈሳሽ ተደርጎ የተሞላ፣ በቧንቧ የሚመጣው ግን አብዛኛው ሚቴን ነው፣ አንድ ካርቦን ከአራት ሃይድሮጅን ጋር፣ ከዚህ የቀለለ ሃይድሮካርቦን የለም። ጥሩነቱም ጣጣውም ከዚችው ሞለኪውል ነው የሚመጣው። (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ከምድጃው ልጀምር፣ አብዛኞቻችን ጋዝን የምናውቀው እዛ ነው። አጠቃቀሙ በጣም ይመቻል፣ ማዞሪያውን ትንሽ ስትመልሱት እሳቱ እዛው ይቀንሳል፣ ስታጠፉት ይጠፋል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ከጠፋም በኋላ እየጋለ ድስት አያስገነፍልም። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ ካለ ጋዙና አየሩ በደንብ ተደባልቀዋል ማለት ነው፣ ይሄን ከመቃጠሉ በፊት ከአየር ጋር የማደባለቅ ነገር በ1855 አካባቢ ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንዘን ላብራቶሪ ውስጥ ያስለመደው ነው፣ የኩሽና በርነር፣ እሳቱ የሚወጣበት ክብ ብረት ማለቴ ነው፣ እስካሁን በዛው ሀሳብ ነው የሚሰራው። የድስት ቂጥ አይጠቁርም፣ ጭስ የለም አመድ የለም፣ ከሰልና እንጨት ላይ ለኖረ ሰው ይሄ ብቻውን ይበቃል።

ሰው ሁሉ የሚያማርርበት ነገር አለ ደግሞ፣ ለኩሰው ሲለቁት ይጠፋል። አልተበላሸም ባካችሁ። ከእሳቱ ጎን ቀጭን ብረት ቆማለች አይደል፣ ቴርሞካፕል ትባላለች፣ እሷ ስትሞቅ የምታመነጨው ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ነው ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘው፣ ስለዚህ እስክትሞቅ ማዞሪያውን ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ መያዝ ነው። ንፋስ እሳቱን ቢያጠፋው እሷ ትቀዘቅዝና ጋዙን ትዘጋዋለች። ይሄ የሌለውን ምድጃ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

የኔ ቅሬታ ገጣሚው ላይ ነበር። አዲሱን ምድጃ ገጥሞልኝ ሄደ፣ ትልቁ በርነር እንኳን የሻማ ያህል ነው የሚነደው፣ ደውዬ ስጠይቀው የመስመሩ ፕሬዠር ነው ብሎ ዘጋኝ። ሌላ ባለሙያ መጥቶ በርነሩን አንስቶ ሲያሳየኝ ኖዝሉ፣ ጋዙ የሚወጣበት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብረት፣ የሲሊንደር ነው! የተፈጥሮ ጋዝ በሜትር ኩብ ሲለካ ሙቀቱ የፕሮፔንን ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ በቧንቧም የሚመጣው በዝቅተኛ ግፊት ነው፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የሲሊንደሩ ኖዝል ደግሞ ጠባብ ነው። ትክክለኞቹ ኖዝሎች እኮ ካርቶኑ ውስጥ በትንሽ ፌስታል ታስረው ቁጭ ብለው ነበር፣ ቁጥር ተቀርጾባቸው፣ ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው በሚሊሜትር መቶኛ። እኔ ጋ ደግነቱ እሳት አነሰ እንጂ አልበዛም፣ ተገላቢጦሹ ቢሆን፣ የቧንቧ ጋዝ ኖዝል ያለበት ምድጃ ሲሊንደር ላይ ቢሰካ፣ ረጅም ቢጫ ነበልባልና ጥላሸት ነው የሚወጣው፣ ከሱ ጋር ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እሱ ደግሞ አይሸት አይታይ፣ ራስ ምታትና ማዞር አስይዞ ዝም ብሎ ይገድላል። ቢጫ ነበልባል ካያችሁ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ።

እስቲ ጉድለቱንም እናውራ። ከሙቀቱ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ከግማሽ በታች ነው፣ ቀሪው በጎንና በጎን አምልጦ ኩሽናውን ነው የሚያሞቀው፣ በዚህ በዚህ ኢንዳክሽን ምድጃ (በማግኔት ድስቱን ራሱን የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ምድጃ) በደንብ ይበልጠዋል፣ የጋዝ ወዳጅ ብሆንም እውነቱ ይሄው ነው። ሰማያዊ እሳት እንኳን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ አስም ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ አየሩን አጣርቶ እዛው ቤት ውስጥ የሚመልሰውን ሳይሆን ወደ ውጪ የሚያስወጣውን ሁድ (ከምድጃው በላይ የሚሰቀለውን አየር ሳቢ) ግዙ። መብራት ሲጠፋ ምድጃው በክብሪት ይለኮሳል፣ ውሃና ቤት የሚያሞቀው ቦይለር ግን ፓምፕና ፋን ስላለው መብራት ከሌለ እሱም የለም፣ ይሄን ሻጮች አይነግሯችሁም።

ሽታው የራሱ አይደለም። ሚቴን ምንም አይሸትም፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የመሰለው ነገር መርካፕታን የሚባል ሆን ተብሎ የሚጨመር ኬሚካል ነው። በ1937 ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን የሚባል ቦታ አንድ ትምህርት ቤት ስር ጋዝ ሲጠራቀም ማንም ሳይሸተው ፈንድቶ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ጋዝ ላይ ሽታ ይጨመር የሚለው ህግ ቴክሳስ ውስጥ የመጣው ከዛ በኋላ ነው፣ ሌላውም ተከተለ። አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15% ሲደርስ ነው የሚቀጣጠለው፣ ከዛ በታች ያንሳል ከዛ በላይ ደግሞ አየር ያጥረዋል። እና ከሸተታችሁ መብራት አታብሩ አታጥፉም፣ መስኮት ከፍቶ ዋናውን ቫልቭ ዘግቶ መውጣት፣ ስልክ የሚደወለው ውጪ ነው።

ከቤት ወጣ ስንል ጋዝ ይበልጥ ጎበዝ ነው። ዘመናዊው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ መጀመሪያ ጋዙን አቃጥሎ ተርባይን ያዞራል፣ ከዛ በሚወጣው ትኩስ አየር ውሃ አፍልቶ በእንፋሎቱ ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል፣ በዚህ አይነት ከጋዙ ጉልበት 60% ገደማ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል፣ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ በአብዛኛው 40% እንኳን አይሞላም። ሚቴን ካርቦኑ ጥቂት ሃይድሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ለተመሳሳይ ሙቀት ከድንጋይ ከሰል ከ40% በላይ ያነሰ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚያወጣው፣ ሁለቱን ስትደምሩት ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ወይ ከዛም በታች ይደርሳል። ጸሀይ ስትጠልቅ ወይ ንፋስ ሲቆም ቶሎ የሚነሳ ተርባይን ያስፈልጋል፣ እዛም ላይ ጋዙ አለ። ማዳበሪያ ደግሞ አለ፣ የማዳበሪያ ጥሬ እቃ ለሆነው ለአሞኒያ የሚሆነው ሃይድሮጅን በአብዛኛው ከዚሁ ከሚቴን ነው የሚወጣው፣ እሱ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ ልለፈው።

እሺ ታዲያ ችግሩ ምንድነው፣ ችግሩ መንገዱ ነው። ከጉድጓድ እስከ ምድጃ ያለው መገጣጠሚያ፣ ኮምፕረሰር (ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው ማሽን)፣ ቫልቭ፣ ያረጀ ቧንቧ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያፈሳል፣ ሳይቃጠል ያመለጠ ሚቴን ደግሞ በ20 ዓመት ሲሰላ በክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ነው የሚያሞቀው፣ በ100 ዓመት ሲሰላ እንኳን ወደ 30 እጥፍ። በ2018 ሳይንስ መጽሄት ላይ የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከሚመረተው ጋዝ 2.3% ገደማ ያመልጣል አለ፣ መንግስት ሲገምት ከነበረው በ60% ይበልጣል። 2.3% ትንሽ ትመስላለች፣ በ80 ስታባዟት ግን በ20 ዓመት ሂሳብ ያ ለተመሳሳይ ሙቀት ከድንጋይ ከሰል እሻላለሁ ያለበት ልዩነት አብዛኛው ተበላ ማለት ነው። ከ2015 መጨረሻ እስከ 2016 ፌብሩዋሪ ሎስ አንጀለስ አጠገብ አሊሶ ካንየን የሚባል የጋዝ ማከማቻ ላይ አንድ ጉድጓድ አፈትልኮ 100,000 ቶን ገደማ ሚቴን አየር ላይ ተለቀቀ፣ አንድ ጉድጓድ ነው እኮ! የኛም ምድጃ ንጹህ አይደለም፣ በ2022 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ቤት ለቤት ሲለኩ ከምድጃ ከሚያፈሰው ሚቴን ሶስት አራተኛው የሚወጣው ምድጃው ጠፍቶ እያለ ነው።

በመርከብ የሚጫነው ሲሆን ሌላ ጣጣ ይጨመራል፣ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ይሆናል፣ መጠኑ 600 ጊዜ ያንሳል፣ ጎበዝ ቴክኖሎጂ ነው፣ ግን ለማቀዝቀዝ ራሱ ከጋዙ ተቀንሶ ይቃጠላል፣ መንገድ ላይም እየተነነ ይሄዳል። ስለዚህ ማርክ ስጥ ካላችሁኝ ለእሳቱ 5 ኮከብ፣ ለማጓጓዣው 2፣ እሷንም መገጣጠሚያውን የሚያፈስ ጋዝ በሚያሳይ ካሜራ እየፈተሹ ቶሎ ቶሎ ለሚጠግኑት ነው የምሰጠው። የሚያናድደው ደግሞ ያመለጠው ሊሸጥ የሚችል ጋዝ መሆኑ ነው፣ ሌላ ቆሻሻ ሲያስተካክሉት ወጪ ብቻ ነው፣ ይሄ ቢያንስ የተወሰነውን ይመልሳል።

ቤታችሁ መስመሩ ካለ ተጠቀሙበት፣ ገና ቤት እየሰራችሁ ከሆነ ግን እኔ ብሆን ለምድጃው ኢንዳክሽን አስብ ነበር። ጋዝ ካላችሁ ደግሞ የጋዝ ጠቋሚ አላርሙን ከጣሪያው አጠገብ ስቀሉት፣ ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ ለሲሊንደር ከሆነ ግን ወለሉ አጠገብ፣ ፕሮፔን ከባድ ነው መሬት መሬቱን ነው የሚሄደው። መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፣ አረፋው ካበጠ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ባለሙያ ከመጣባችሁ ዋናውን ቫልቭ ዘግታችሁ አሰናብቱት፣ ጋዙን ወደ ምድጃው የሚያስገባው የጎማ ቱቦ ላይ የታተመውን የአገልግሎት ዘመንም እግረ መንገዳችሁን እዩት፣ ካለፈ ምንም ሳይሸት ቀይሩት።