ለሰፈራችን ሳጅን ምስጋና፣ ለጅማ ሰው ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ሳጅንን አስፈቅጄ ነው። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፣ ስሜን ብቻ አትጻፊው» ስላለችኝ ስሟንም ቀበሌዋንም አልጠቅስም። ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ያለን የሰፈሩ ሰዎች ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። ጠዋት ጠዋት በእግሯ እየዞረች ባለሱቁንም የባጃጅ ሹፌሩንም በየስሙ እየጠራች ሰላም የምትለዋ የማህበረሰብ ፖሊሳችን ናት።

ነገሩ የጀመረው አንድ ሐሙስ ነው። ሐሙስ በጅማ የገበያ ቀን መሆኑ የቆየ ነው፣ ሰዉም ሌባውም ያውቀዋል። እማዬ ቅቤና ኮረሪማ ልትገዛ እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርዳ በግፊያው መሃል ከዘንቢሏ ውስጥ ቦርሳዋን ወሰዱባት። ስልኳ፣ መታወቂያዋና የባንክ ደብተሯ አብረው ሄዱ። እማዬ 70 ዓመት አልፏታል። ቤት ስትገባ ያለቀሰችው ለስልኩ አልነበረም። «ያለ መታወቂያ እኔ ማን ነኝ?» ነው ያለችው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ የት እንደሆነ አልናገርም። «የተሰረቀበት ቦታ የኛ አይደለም» ተባልን። በማግስቱ «መዝጋቢው የለም፣ ሰኞ ኑ»። ሰኞ ስንሄድ «ከቀበሌ ደብዳቤ አምጡ»። ቀበሌ ደግሞ «ምትክ መታወቂያ ለመስጠት የፖሊስ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለን። እማዬ ጉልበቷን እየደገፈች ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ሳይ በጣም ተናደድኩ። ተስፋ ቆርጠን ወደ ቤት ስንመለስ የጫነን የባጃጅ ሹፌር ወሬያችንን ሰምቶ «ለምን ሳጅን ጋ አልሄዳችሁም?» ብሎ አቅጣጫውን ቀይሮ አደረሰን። ለሱም በዚሁ አጋጣሚ እግዚአብሔር ይስጠው።

ሳጅን ገና ሳንናገር ተነስታ የራሷን ወንበር ለእማዬ ሰጠች። «እማማ፣ አረፍ ይበሉና ውሃ ይጠጡ» አለቻት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ሲሙን አዘግታችኋል?» የሚል ነበር። አራት ቀን ሙሉ ደብዳቤ ስንፈልግ ሲሙን ማዘጋት አንዳችንም ትዝ አላለንም! ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለእማዬ በቴሌብር ነው ገንዘብ የሚልክላት። እዚያው ቢሮው ውስጥ ቁጭ ብዬ 994 ደውዬ ሲሙን፣ 127 ደውዬ ቴሌብሩን አዘጋሁ። ደብተሩ የንግድ ባንክ ስለነበር 951 ደግሞ ለባንኩ አሳወቅኩ። የተነካ ብር አልነበረም፣ ተመስገን። ስለዚህ ስልክ የተሰረቀባችሁ ሰዎች፣ ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት መንገድ ላይ ሆናችሁ ይህን አድርጉ። ስልኩ አሁን በእጃችሁ ያለ ደግሞ ዛሬውኑ *#06# ብላችሁ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉት። ሳጅን ያንን ቁጥር ጠይቃኝ ልሰጣት አልቻልኩም፤ ካርቶኑን ጥለነዋል።

ቀጥሎ ያደረገችው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የእማዬን ቃል በኦሮምኛ ጻፈችው። እማዬ ለገበያ የሚሆን ኦሮምኛ እንጂ የቢሮ ኦሮምኛ አትችልም። ሳጅን ጽፋ ስትጨርስ «ይፈርሙ» አላለቻትም። መስመር በመስመር በአማርኛ እየመለሰች አነበበችላት። «ሁለት ልጆች ገፉኝ» የሚል ቦታ ላይ ስትደርስ እማዬ «አይ ልጄ፣ የገፋኝ አንዱ ነው፣ ሌላው ዝም ብሎ ቆሞ ነበር» አለች። ሳጅን ሳትሰለች ሰርዛ እንደገና ጻፈችው። «እማማ፣ ያ የቆመው ልጅ ምንም ያላደረገ ሊሆን ይችላል። በርስዎ ቃል ሰው ይታሰራል፣ ስለዚህ ያዩትን ብቻ ነው የሚፈርሙት» አለቻት። እማዬ በአውራ ጣቷ ፈረመች። የመዝገብ ቁጥሩና ቀኑ ያለበት ወረቀት ይዘን ወጣን። ለዚህ ሁሉ የከፈልነው ሳንቲም የለም። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀብን።

ስልኩ አልተገኘም። ይህን የምናገረው ሁሉም ነገር ተሳክቶልን እንዳይመስላችሁ ነው። ቦርሳው ግን በሳምንቱ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ተገኘ። መታወቂያውና ደብተሩ ረጥበው ነበር፣ ግን ይነበባሉ። ያገኘው ልጅ ለሳጅን ነው ያስረከበው፣ እሷም ራሷ ቤት ድረስ አመጣችልን።

ከዚያ በኋላ የእድራችን ሊቀ መንበር ሳጅንን ወደ ወርሃዊ ስብሰባችን ጋበዟት። እሁድ ጠዋት መጣችና በበርጩማ ላይ ተቀምጣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሰዉን ጥያቄ ስትመልስ ቆየች። እኔ እየጻፍኩ ነበር። በየቤቱ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተነሳችው ልጇ በጠብ ተይዞ ያደረ አንዲት እናት ናት። «ስንት ቀን ሊያቆዩት ይችላሉ?» አለች። ሳጅን ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ብላ ጠቀሰች። የተያዘ ሰው ለጉዞ የሚፈጀው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ለምን እንደተያዘም በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፤ ዝም የማለት መብትም አለው። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። «መጥታችሁ ጠይቁ፣ አትፍሩ። መብት እንደሆነ የምነግራችሁ እኔው ፖሊሷ ነኝ» ስትል እናትየዋ እዚያው እንባዋ መጣ።

የቤት ፍተሻ ጥያቄም ተነሳ። ሳጅን እንዲህ አለች፦ «ዩኒፎርም የለበሰ ሁሉ ቤታችሁን የመፈተሽ ሥልጣን የለውም። የፍርድ ቤት ማዘዣውን አሳዩኝ በሉ፣ አንብቡት፣ ማንበብ ካልቻላችሁ ጎረቤት ጥሩ።» ፍርድ ቤቱ በተለይ ካልፈቀደ በስተቀር ብርበራ የሚደረገው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ተጠርጣሪ እየተሯሯጠ ቤት ከገባ ወይም ወንጀሉ ከባድ ሆኖ ማዘዣ እስኪመጣ ማስረጃው የሚጠፋ ከሆነ ግን ሕጉ ያለ ማዘዣ መግባትን ይፈቅዳል። ይህንንም አልደበቀችንም።

ብዙ ጊዜ የፈጀው የፖሊስ ሥራ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ነበር። አንድ ጋሼ «20 ሺህ ብር ተበድሮ ካደኝ፣ እሰሩልኝ» አሉ። «ጋሼ፣ ብድር አለመክፈል የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፤ ወረቀትና ምስክር ይዘው ፍርድ ቤት ይክሰሱ። ባንክ በቂ ገንዘብ ሳይኖረው ስንቅ የሌለው ቼክ ሰጥቶዎት ከሆነ ግን እኔ ጋ ይምጡ፣ እሱ ወንጀል ነው» አለቻቸው። ስድብም ተነሳ። በስድብ ወይም በስም ማጥፋት ነገሩ የሚጀምረው የተሰደበው ሰው ሲያመለክት ብቻ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሰጠው ጊዜ ደግሞ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 3 ወር ነው። «ዓመት ቂም ይዞ መጥቶ ክሰሱልኝ የሚለኝ ሰው አለ፤ ያኔ እጄ ላይ ምንም የለም» አለች። እንዲህ ያሉትን ጉዳዮች ሁለቱም ወገን ከፈቀዱ ለሽማግሌ ወይም ለባህል ፍርድ ቤት መስጠት እንደሚቻልም ነገረችን።

ሽምግልና ሲነሳ ግን ፊቷ ተለወጠ። አንድ የተከበሩ አዛውንት «ባልና ሚስት ሲጣሉ እኛው እናስታርቃለን፣ ፖሊስ ምን ያደርጋል?» አሉ። ሳጅን ድምጿን ሳታነሳ «አባባ፣ ጭቅጭቅ ከሆነ ያስታርቁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደም ከፈሰሰ፣ አጥንት ከተሰበረ፣ ልጅ ከተደፈረች ግን እርቅ ብሎ ነገር የለም። ያስታረቀ ሰው ማስረጃ እያጠፋ ነው» አለቻቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ሴቶቹን አይታ የተናገረችውን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፦ «ልጅቷን አታጥቧት። ልብሷን አትጠቡት፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙት። እኔ እስክመጣ አትጠብቁ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት። የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሠራም።» እኔ ይህን ዕድሜዬን ሙሉ በአደባባይ ሲነገር ሰምቼው አላውቅም። አዛውንቱ ስብሰባው ሲያልቅ ሄደው እጇን ጨብጠዋል።

የሰፈር ደንብ የሚባሉት ቀለል ያሉ ናቸው፣ ግን ጎረቤት የሚያጣሉት እነሱ ናቸው። ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን መንገድ ላይ ስንጥል አስቀድመን ለቀበሌና ለሷ እንድናሳውቅ ጠየቀችን፤ ምክንያቷ አምቡላንስ በየት በኩል እንደሚያልፍ ለማወቅ ነው። የድምፅ ማጉያ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያስጮህ ቤት ሲጠየቅ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 አነሳች። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸት ወይም ንዝረት ከመልካም ጉርብትና በላይ ከሆነ የቤቱ ባለቤት «በገዛ ግቢዬ ነው» ማለት አይችልም። ቤት የምናከራይ ደግሞ (በተለይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች) ተከራዩ በገባ ሳምንት የመታወቂያውን ኮፒ ይዘን እንድናስመዘግብ አሳሰበችን። ይህን የምታደርገው ተማሪዎቹን ለማስጨነቅ አይደለም። አንዱ ታሞ ቢወድቅ ቤተሰቡን የምታገኝበት መንገድ ስለሌላት ነው።

ውሻ የነከሰው ልጅ አባትም ነበር። የውሻው ባለቤት ውሻው አምልጦ ቢወጣም እንኳ ለጉዳቱ ኃላፊ ነው፣ የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071። ሳጅን ግን ከሕጉ በፊት «ቁስሉን በሳሙናና በውሃ አጠባችሁት?» ብላ ጠየቀች። ሩብ ሰዓት ያህል ማጠብ፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ነው ክስ። እማዬ ስትመጣ «ሲሙን አዘግታችኋል?» ያለችው ሴት ይህች ናት። ሁልጊዜ ጉዳት የሚቀንሰውን ነገር ታስቀድማለች፣ ወረቀቱ ቀጥሎ ይመጣል።

እንዴት እንደምታገኟት ለምትጠይቁኝ፦ ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰፈር ለሰፈር ስለምትዞር ቢሮ አትገኝም። መታወቂያ ያዙ። ነገሩ የደረሰበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ አስቀድማችሁ ጻፉ። ምስክር ካለ ስሙን ያዙ። ቃላችሁ ሲጻፍ መልሶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ እሷ ሳትጠየቅ ታነባለች፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ግን ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ። ሌላ ሰፈር ያላችሁም የራሳችሁን የማህበረሰብ ፖሊስ ፈልጋችሁ ተዋወቁ፣ ችግር ሳይመጣ።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሳጅን አንድ ሰው ናት። ሰፈሩ ደግሞ ሰፊ ነው። በክረምት ያንን ጭቃ በእግሯ ነው የምትወጣው። የሚመለከታችሁ አለቆቿ ይህን ካያችሁት፣ እባካችሁ ቢያንስ አንድ ረዳት ስጧት።

እማዬ ለምስጋና አንድ ኪሎ ቡና ቆልታ ፈጭታ ወስዳላት ነበር። ሳጅን አልተቀበለችም። «እማማ፣ ይህን ከተቀበልኩ ነገ ቡና የሌለው ሰው ሊመጣ ያፍራል» ብላ በሁለት እጇ መለሰችላት። እማዬ ተከፍታ ልትሄድ ስትል ግን «እሁድ ለእድሩ ያፍሉት፣ እኔም ከሰዉ ጋር እጠጣለሁ» አለቻት። እንደተባለው ሆነ፣ ሦስተኛው እስኪፈላ ድረስ ተቀምጣ ጠጣች።

በሚቀጥለው ወር እሁድም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ትመጣለች። ባለፈው ሳናየው የቀረን የቦይ ጉዳይ ነው፤ የላይኛው ግቢ ውሃ ወደ ታችኛው ግቢ የሚወርድበት ነገር እንዴት እንደሚታይ። ለመሬት አስተዳደር ጠይቃ እንደምትመጣ ቃል ገብታለች። ጥያቄ ያላችሁ ጎረቤቶች ኑ፣ እማዬ ቡናውን ታፈላለች።