ለአዳማ የፋይበር መስመር፦ በፋብሪካ ተገጥሞ የሚመጣ ሞጁላር ኬብል ወይስ በቦታው በስፕላይስ የሚገናኝ? (ንጽጽር)

በአዳማ ለሪል ስቴት መንደር፣ ለሆቴል ወይም ለአንድ ሰፈር ሙሉ የፋይበር መስመር ለመዘርጋት ውል የወሰደ ሥራ ተቋራጭ የዋጋ ማቅረቢያ ሲሰበስብ ሁለት ዓይነት ሰነድ እጁ ይገባል። አንደኛው ኬብሉን፣ ክሎዠሩን (የፋይበር መገናኛው የሚታሸግበትን ሳጥን)፣ ስፕሊተሩን (የአንዱን ፋይበር ብርሃን ለብዙ የሚከፍለውን) እና ፒግቴይሉን (አንድ ጫፉ ኮኔክተር ያለውን አጭር ፋይበር) ለየብቻ ዘርዝሮ፣ ግንኙነቱን ቦታው ላይ በስፕላይስ፣ ማለትም የፋይበሮቹን ጫፎች በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ በሚያያይዝ ማሽን ለመሥራት የሚቀርብ ነው። ሁለተኛው ኮኔክተሩ (መሰኪያው) ፋብሪካ ውስጥ ተገጥሞና ተለክቶ የሚመጣ፣ ሠራተኛው መንገድ ላይ ሰክቶ የሚያልፈው ሞጁላር ሥርዓት ነው። የሁለተኛው የዕቃ ዋጋ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ብዙዎች ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጥሉታል፤ ጥቂቶች ደግሞ ስፕላይስ አያስፈልገውም መባሉን ብቻ ሰምተው ከጫፍ እስከ ጫፍ እርሱን ያዛሉ። ሁለቱም አካሄድ ገዢውን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። መስመሩ ጠባያቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ከቴሌኮም ጣቢያው እስከ ሰፈሩ ካቢኔ የሚሄደው ፊደር፣ ከካቢኔው በየምሰሶው ወዳሉት ሳጥኖች የሚበተነው ዲስትሪቢውሽን፣ ከሳጥኑ ደንበኛው ቤት የሚገባው ድሮፕ። ምርጫውም በየክፍሉ መለያየት አለበት።

ሞጁላር ሥርዓት ሲገዛ የሚከፈለው ለተጨማሪ ዕቃ ሳይሆን ከመንገድ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ ለተዛወረ ጉልበት ነው። ይህ በእኛ አገር ትልቅ ትርጉም አለው፤ የአዳማ ቴክኒሻን የሚከፈለው በብር ሲሆን፣ ውጭ አገር ኮኔክተሩን የገጠመውና የለካው ሠራተኛ ደመወዝ ግን በዕቃው ዋጋ ውስጥ ገብቶ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ የሞጁላር ዕቃ ዋጋ ማቅረቢያው በተጻፈበትና ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን መካከል ሊለወጥ ይችላል፤ የስፕላይስ የእጅ ዋጋ ይህን ያህል ቶሎ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሁለቱ ሰነዶች ሲነጻጸሩ የዕቃ ድምርን ከዕቃ ድምር ጋር ማስተያየት ብቻውን ያሳስታል። አንድ ደንበኛ አገልግሎት እስኪያገኝ ድረስ የሚወጣውን ዕቃ፣ የሠራተኛ ሰዓት፣ የመኪናና የማሽን ወጪ አንድ ላይ ደምሮ ለደንበኛው ቁጥር ማካፈል ይገባል።

ሻጮች አዘውትረው የሚያነሡት የብርሃን ብክነት ከተወራለት ያነሰ ልዩነት ያመጣል። በስፋት በሥራ ላይ ያለው ጂፖን (አንድ ፋይበር ለብዙ ደንበኞች የሚያካፍለው ሥርዓት)፣ በተለይ «ቢ ፕላስ» የሚባለው የዕቃ ደረጃው፣ በጣቢያው መሣሪያ (ኦኤልቲ) እና በደንበኛው ቤት በሚቀመጠው መሣሪያ (ኦኤንቲ) መካከል እስከ 28 ዴሲቤል ብክነት ይፈቅዳል። ለምሳሌ የ6 ኪሎ ሜትር መስመር እንውሰድ። ፋይበሩ በ1310 ናኖሜትር በኪሎ ሜትር 0.35 ዴሲቤል ቢያጠፋ 2.1 ይሆናል፤ አንዱን ለ32 የሚከፍለው ስፕሊተር 17.5 ገደማ ይወስዳል። ስድስት ስፕላይስ በ0.1፣ ሦስት ኮኔክተር ደግሞ በ0.5 ዴሲቤል ጥብቅ ግምት ቢያዙ ድምሩ 21.7 ይመጣል። ከስፕላይሶቹ አራቱ በሞጁላር ኮኔክተር ሲተኩ ድምሩ 23.3 ይሆናል፤ ልዩነቱ 1.6 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ከተፈቀደውም 4.7 ይተርፋል። ስፕሊተሩ ለ64 የሚከፍል ሲሆን ግን ወደ 21 ዴሲቤል ስለሚወስድ፣ በሞጁላሩ መስመር የሚተርፈው 1.2 ብቻ ነው፤ ለነገ ጥገናም ሆነ ለቆሸሸ ኮኔክተር ቦታ አይኖርም። ለ64 ለመክፈል ያቀደ ገዢ የኮኔክተሩን ብዛት መቀነስ፣ አለዚያም እስከ 32 ዴሲቤል የሚፈቅደውን «ሲ ፕላስ» መጠየቅ ይኖርበታል።

ለአዳማ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ አቧራና ነፋስ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በበጋ የሚነሣው አቧራ ምሰሶ ላይ የወጣ ቴክኒሻን እጅ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ብርሃኑ የሚያልፍበት የፋይበሩ እምብርት ስፋት 9 ማይክሮን ገደማ በመሆኑ በዓይን የማይታይ ብናኝ ይጋርደዋል። ኮኔክተሩ ብናኙን ይዞ ከተሰካ የሁለቱ መስታወቶች ፊት ተጨፍልቆ ሊጫር ይችላል፤ የተጫረ ፊት ደግሞ ቢጸዳም አይድንም። እዚህ ላይ ሁለቱም አማራጮች ድክመት አላቸው። ስፕላይስ የተከፈተ ፋይበርን ለደቂቃዎች ለነፋስ ያጋልጣል፤ ማሽኑ የራሱ የነፋስ መከላከያ ክዳን ቢኖረውም መላጡ፣ ማጽዳቱና መቁረጡ የሚከናወነው ከክዳኑ ውጭ ስለሆነ መኪና ውስጥ ወይም ድንኳን ሥር ካልተሠራ ጥራቱ ይዋዥቃል። ሆኖም አንድ ጊዜ በትክክል ከተያያዘና ከታሸገ በኋላ አቧራ አይነካውም። ሞጁላሩ ቦታው ላይ የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኮኔክተር ወደፊት በተነቀለ ቁጥር ሊቆሽሽ የሚችል በር ነው።

በሞጁላር ዕቃዎች መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። በክሎዠር ውስጥ ኤስሲ የሚባለው ተራ ኮኔክተር የሚሰካበት ዓይነት ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም አቧራና ውኃ መከላከሉ በክሎዠሩ ላስቲክ ላይ ብቻ የተመሠረተ ስለሆነ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ወደቦቹ ሁሉ ይጋለጣሉ። ለውጭ ተብሎ የተሠራው፣ በራሱ ማኅተም የሚጠብቀው ኮኔክተር ይወደዳል፤ ክዳን መክፈት ሳያስፈልግ ከውጭ ስለሚሰካ ግን ለአዳማ ምሰሶዎች የተሻለው እርሱ ነው። በክረምት ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ ማንሆል ስለሚሞላ፣ ከመሬት በታች የሚቀመጠው ሁሉ አይፒ68 ደረጃ (አቧራ የማያስገባ፣ ውኃ ውስጥ ቢቆይም የማይበላሽ) ያለው መሆን አለበት፤ ያልተሰኩት ወደቦችም ክዳናቸው ሳይወልቅ መቆየት ይኖርበታል።

የእነዚህ የውጭ ኮኔክተሮች ዋና ጉድለት በአምራቾች መካከል የሚስማማ አንድ ቅርጽ አለመኖሩ ነው። የኮርኒንግ ኩባንያ ኦፕቲታፕ የሚባለው ኮኔክተር የሚሰካበት ሳጥን የሌላውን አምራች ድሮፕ በቀጥታ ላይቀበል ይችላል። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለ ለሚቀጥሉት ዓመታት ድሮፑን የሚገዙት ከዚያው አምራች ወይም ተስማሚ ከሚሠራ ጥቂት ሻጭ ነው። ስፕላይስ ይህ ችግር የለበትም፤ ጂ.652.ዲ የሚባለው የተለመደው የፋይበር ዓይነት የማንም ፋብሪካ ቢሆን ከሌላው ጋር ይያያዛል። እኔ ብሆን የሳጥኑን ዋጋ ከማየቴ በፊት የድሮፑን የሦስት ዓመት ዋጋና የአቅራቢዎቹን ብዛት እጠይቃለሁ።

ለፊደሩ መልሱ አጭር ነው፦ ስፕላይስ። ብዙ ፋይበር የያዘ ወፍራም ኬብል ኮኔክተር ታስሮበት በዳክት (ኬብል በሚያልፍበት ቱቦ) ውስጥ መጎተት አስቸጋሪ ነው፤ ርዝመቱንም አስቀድሞ በትክክል ማዘዝ አይቻልም። በመንገድና በኮሪደር ልማት ቁፋሮ ኤክስካቫተር ኬብሉን ቢቆርጠው መልሶ የሚያገናኘው ስፕላይስ ብቻ ስለሆነ፣ ማሽንና የሠለጠነ ቡድን በማንኛውም ሁኔታ አይቀርም። የአዲስ አበባ ቡድን ማሽኑን ይዞ ሲወርድ የከፍታው ልዩነት የብልጭታውን ኃይል ስለሚለውጠው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት አዳማ ላይ የአርክ ካሊብሬሽን (የብልጭታ ማስተካከያ) እንዲያደርግ በውሉ ቢጠቀስ አይከፋም።

ዲስትሪቢውሽኑ የሰፈሩን ዕድሜ ያያል። ምሰሶዎቹ በታወቀ ርቀት በቆሙበት አዲስ መንደር ሳጥኑና ኬብሉ አብረው ተዘጋጅተው ቢመጡ ሥራው ይፈጥናል። ቤት ከቤት በተጠጋበት፣ ምሰሶውም በተዘበራረቀበት የቆየ ሰፈር ግን ፋብሪካ የለካው ርዝመት ከመንገዱ ጋር ስለማይገጥም ስፕላይስ ያዋጣል። ቤቶቹ ገና ያልተገነቡበት መንደር ከሆነ ሦስተኛ መንገድ አለ፦ ባዶ ማይክሮዳክት (ቀጭን ቱቦ) አሁን ቀብሮ ፋይበሩን ደንበኛ ሲመጣ በአየር ግፊት መንፋት።

ሞጁላር ዋጋውን በእርግጥ የሚያወጣው በድሮፕ ላይ ነው። ሥራው በየቤቱ የሚደጋገም፣ ደንበኛው ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው፣ በጭነት ከፍ ያለ አይሱዙ ሽቦውን በጎተተ ቁጥር የሚደገም ስለሆነ፣ መሰላል ይዞ ወጥቶ የሚሰካ ቴክኒሻን ማሽን ከሚሸከም ቡድን ይልቅ ብዙ ቤት ያዳርሳል። ኬብሉ የሚመጣው እንደ 50፣ 100 ወይም 150 ሜትር ባሉ የተወሰኑ ርዝመቶች በመሆኑ 60 ሜትር ለሚርቅ ቤት 100 ሜትሩ ይሰቀልና ቀሪው ይጠቀለላል፤ በነፋስ የሚወዛወዝ ጥቅልል ምሰሶው ላይ እንዳይንጠለጠል ትርፉ በደንበኛው ግቢ በሳጥን ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል። ርዝመቶቹን ለማዘዝ የእያንዳንዱን ምሰሶና ቤት ርቀት አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል፤ አንዱ ርዝመት መጋዘን ውስጥ ካለቀ የሞጁላር ጥቅም ሁሉ በዚያ ቀን ይቆማል። ለሆቴል ውስጥ ግድግዳና ማዕዘን እስከ 7.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ መታጠፍ የሚችለው ጂ.657.ኤ2 ይመረጥ፤ የተለመደው ጂ.652.ዲ እንዲህ ያለ ጠባብ መታጠፍ አይችልም።

ከክፍያ በፊት ሻጩ ሁለት ሳጥንና የየርዝመቱን አንዳንድ ድሮፕ ናሙና እንዲያመጣ ይጠየቅ፤ ኮኔክተሩ ደጋግሞ እየተነቀለና እየተሰካ ብክነቱ በፓወር ሜትር ይለካ፣ ፊቱም በፋይበር ማይክሮስኮፕ ይታይ። አረንጓዴው ኤፒሲ (ፊቱ በሰያፍ የተሞረደው ኮኔክተር) ከሰማያዊው ዩፒሲ (ፊቱ ሰያፍ ካልሆነው) ጋር እንዳይሰካ የሁሉም ወደብ ዓይነት በትዕዛዙ ላይ በስም ይጻፍ። ኮኔክተር ማጽጃና ማይክሮስኮፕ ለእያንዳንዱ ቡድን በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ይካተቱ፤ በርክክብ ጊዜም የፊደሩ የኦቲዲአር (በመስመሩ ላይ ብክነት ያለበትን ቦታ በብርሃን ምት የሚያሳይ መሣሪያ) ልኬት በ1310 እና በ1550 ናኖሜትር፣ የእያንዳንዱ ወደብ የብርሃን መጠን ደግሞ በቁጥር ተጽፎ ይሰጥ።