ኦርጅናል ወይስ ኮፒ? የሞተር ሳይክል ዕቃ ቤቱ ለሚገጥም የባሕር ዳር ሰው

የሞተር እስፔር ሱቅ ገብታችሁ ካቴና (የሞተሩን ሰንሰለት) ስትጠይቁ ባለሱቁ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ «ኦርጅናሉን ነው ኮፒውን?» ብሎ ነው። አብዛኛው ሰው ዋጋውን ሰምቶ ይወስናል። ቤቱ ለሚገጥም ሰው ግን ከዋጋው የሚቀድም ነገር አለ፤ ዕቃው ሳይሞረድ፣ ሳይቀጠቀጥ፣ ቡሎኑ ሳይገደድ ቦታው ላይ ይቀመጣል ወይ? ጋራዥ ውስጥ እምቢ ያለ ዕቃ ሞርሳ (የብረት ማሰሪያ) ላይ ታስሮ ይሞረዳል። ግቢያችሁ ውስጥ ጎማው ወልቆ፣ ቅዳሜ ማታ ሱቁ ተዘግቶ እምቢ ካለ ግን ሰኞ በእግር መሄድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር የሚመዝነው አገጣጠሙን ነው።

ካቴና፣ ፒኞንና ኮሮና

አነስተኛ ሞተሮች ላይ በብዛት ያለው 428 የሚባለው ካቴና ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር። ኦርጅናሉም ኮፒውም ያው ቁጥር ስላላቸው ሁለቱም ጥርሱ ላይ ይቀመጣሉ። ልዩነቱ የሚወጣው ሲሠሩ ነው። ብረቱ ደካማ የሆነ ኮፒ ፒኑ ቶሎ ይበላና ካቴናው ይረዝማል። ይህን በሜትር ማየት ይቻላል፦ ካቴናውን ወጥራችሁ ከአንድ ፒን ተነስታችሁ 20 ዐይን ቁጠሩና ለኩ። አዲስ ከሆነ 254 ሚሊ ሜትር ነው፤ 259 ከደረሰ 2 በመቶ ረዝሟልና ይቀየር።

ዋናው አደጋ ግን ያለው ካቴናው ላይ ሳይሆን የፊቱ ትንሹ ጥርስ፣ ፒኞኑ ላይ ነው። ካቴናውን ከማስገባታችሁ በፊት ፒኞኑን ብቻውን ዘንጉ ላይ አድርጉትና በሁለት ጣት ወዝውዙት። ኦርጅናሉ በእጅ ተገፍቶ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ሲወዘወዝ ብዙ አይላላም። ኮፒው «ቀጭ ቀጭ» ካለ አትግጠሙት። ያ ትንሽ ልል ማርሽ በቀየራችሁና ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር የዘንጉን ጥርስ ይመታዋል። ዘንጉ ከተበላ ደግሞ ለመቀየር ሞተሩ ራሱ መከፈት አለበት። በርካሽ ፒኞን የተቆጠበው ብር በዚህ አንድ ሥራ ሄዶ ያልቃል።

የኋላውን ትልቁን ጥርስ፣ ኮሮናውን፣ ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና ጠርዙን ዙሪያውን በጣት ተጫኑት። ከተንኳኳ ጠማማ ነው። ቤት ስትደርሱ ቡሎኖቹ ሁሉ በጣት መግባት አለባቸው። አንዱን በመዶሻ ካስገባችሁት ኮሮናው ከመሐሉ ይሸሽና ካቴናው ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞር ይወጠራል፣ ግማሽ ዙር ሲዞር ይላላል። ይህን ምንም ማስተካከያ አያድነውም። ጥርሱንም ቁጠሩ። 14 በ42 የነበረው 15 በ42 ከሆነ ሞተሩ በዚያው ዙር 7 በመቶ ይፈጥናል፣ በዚያው ልክ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፤ ሁለት ሰውና ጭነት ለሚይዝ ሞተር ይህ ኪሳራ ነው።

ሲገጠም ቅደም ተከተሉ ይከበር። የፒኞኑን ቡሎኖች የምትፈቱት አሮጌው ካቴና ሳይወልቅ፣ የኋላ ፍሬን ተይዞ ነው፤ ካቴናው ከወጣ በኋላ ፒኞኑ ከቁልፉ ጋር ይዞራል። የመጋጠሚያው ዐይን ቅንጥብ የተዘጋው ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን፤ ከተገለበጠ ድንጋይ ሲነካው ሊወልቅ ይችላል። ማስተካከያው ላይ የተቀረጹትን መስመሮች ብቻ አትመኑ፤ የኋላውን ጎማ ከሚይዘው ሹካ ማጠፊያ እስከ ጎማው ዘንግ (ፔርኖ) በግራም በቀኝም በሜትር ለኩ፣ እኩል ይሁን። የካቴናው የታችኛው ክፍል መሐል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚላላው ለብዙ አነስተኛ ሞተሮች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው (የሞተሩ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ)፤ የምትለኩትም ጎማውን አዙራችሁ በጣም የተወጠረበት ቦታ ላይ ነው። ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ድገሙት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግን ውስጡ የብረት ብናኝ አለና ይቅር። በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ከዝናብ በኋላ አድርቃችሁ ንጹሕ የካምቢዮ ዘይት ስጡት።

ፍርዳችን፦ ሦስቱንም በአንድ ላይ፣ ኦርጅናል። ብር ካጠረ ፒኞኑ ብቻ ኦርጅናል ይሁን፣ ኮሮናው የመስታወቱን ፈተና ያለፈ ኮፒ ሊሆን ይችላል። በተበላ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና መግጠም ግን ካቴናውን መጣል ነው።

የኋላ ፍሬን ሸራ

እዚህ ላይ አንደራደርም፤ ኦርጅናል። የኮፒ ሸራ ሁለት ዓይነት ጣጣ አለው። ወይ አንዱ ጫፉ ወፍራም ይሆንና ጎማው አልገባም ይላል፣ ወይ ሸራው ደረቅ ይሆንና እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ያኔ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሞተሩ አይቆምም። በዝናብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ዘግይቶ የሚይዝ ፍሬን ምን እንደሚያመጣ ለባሕር ዳር ሰው መንገር አያስፈልግም። ስትገጥሙ የሸራውን አቧራ በአፍ አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ግራሶ ሸራውን ወደሚገፋው ካሜ ብቻ፣ በስሱ። ሸራው እያለቀ ሲሄድ የውጩን ክንድ ነቅለው አንድ ጥርስ አዙረው የሚመልሱ አሉ። ይህ ሸራው ማለቁን የሚያሳየውን ምልክት ይሰውራልና ክንዱ ላይ ያለውን ነጥብ ዘንጉ ላይ ካለው ነጥብ ጋር አግጥሙ።

የፊት መብራት

የብዙ አነስተኛ ሞተሮች አምፖል 12 ቮልት፣ 35/35 ዋት ነው። ከእሱ ጋር የሚመሳሰል የመኪና አምፖል 60/55 ዋት አለ፤ እግሩን አጣመው የሚያስገቡ አሉ። ከ3 አምፔር በታች የነበረው ወደ 5 ይወጣል፣ የፕላስቲክ ማቀፊያው ሊቀልጥ፣ ባትሪውም ሊያልቅ ይችላል። ኤልኢዲ ከፈለጋችሁ መብራቱ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከባትሪ ነው ወይስ በቀጥታ ከዳይናሞ ብላችሁ አረጋግጡ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ካልበራና ሞተሩ ሲነሳ ከነዳጁ ጋር ከደመቀና ከደበዘዘ ከዳይናሞ ነው። እንዲህ ባለው ላይ ተራ ኤልኢዲ ይርገበገባል፣ ቶሎም ይቃጠላል። ለእሱ 35 ዋቱ ይሻላል።

ካርቡራተር

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ኮፒ ካርቡራተር ይዞት የሚመጣው ጂግለር (ነዳጁን የሚመጥነው ቀዳዳ) ቁጥሩ የእናንተ ሞተር ቁጥር መሆኑን ሳታረጋግጡ ከገጠማችሁት ነዳጅ ሊበዛ፣ ካንዴላውም ሊጠቁር ይችላል። አሮጌው አካሉ ካልተሰነጠቀ አጥባችሁ ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀይሩ፤ አዲስ አትግዙ።

መስታወት፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣ፣ የእግር መርገጫ ጎማ

እነዚህን ኮፒ ግዙ፣ ብራችሁን ለፒኞኑ ቆጥቡ። መስታወት ላይ ብቻ የቡሎኑን ጥርስ እዩ፦ 8 ሚሊ ሜትርም 10 ሚሊ ሜትርም አለ፤ የያማሃ የቀኙ መስታወት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው።

አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። ስትገዙ «ካልገጠመ ይመለሳል?» ብላችሁ ፊት ለፊት ጠይቁ። ከዚያ ቤት መጀመሪያ በደረቁ ለኩት፤ ግራሶ የነካውን ዕቃ መልሶ የሚወስድ ባለሱቅ የለም።