25,000 ወይስ 25,001? የሒሳብ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት ሳንቲሙን እዩ

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ያለ የአንድ ጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሒሳብ እይዝ ነበር። 250 ደብተር፣ አንዱ ቫትን ጨምሮ በ100 ብር፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮፎርማ ሰጠን። ድምሩ 25,000 ብር። አሸነፍን፣ ዕቃውንም አስረከብን። ደረሰኙ ከሶፍትዌሩ ሲወጣ ግን 25,001 ብር ይላል። መሥሪያ ቤቱ «ከፕሮፎርማው ጋር አይገጥምም» ብሎ መለሰው። ባለ ሱቁ አንዷን ብር ከኪሴ ልክፈል ቢልም ወረቀቱ አልፈቀደለትም። ለአንድ ብር ብለን ሳምንታት ስንመላለስ ከረምን።

ከዚያ ወዲህ «የትኛውን ሶፍትዌር ልግዛ?» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ሶፍትዌር የሚያጠጋጋው የት ላይ ነው? ስክሪኑ ማማሩ፣ ሪፖርቱ መብዛቱ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ብሯ ከየት መጣች?

100 ብር ቫት ያለበት ዋጋ ነው። ቫቱ 15 በመቶ ስለሆነ ያለ ቫት ዋጋው 100ን ለ1.15 ማካፈል ነው። ውጤቱ 86.956521 እያለ ይቀጥላል። የኛ ሶፍትዌር ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚይዝ 86.96 አደረገው። ለአንድ ደብተር ችግር የለውም፤ ቫቱ ሲጨመር መልሶ 100 ይመጣል። በ250 ሲባዛ ግን ያቺ ቁራጭ አብራ ተባዛች። ያንኑ ሽያጭ በሦስት መንገድ አሠራሁት።

| የአንዱ ዋጋ አያያዝ | ከቫት በፊት | ቫት | ጠቅላላ |
|---|---|---|---|
| 86.96 | 21,740.00 | 3,261.00 | 25,001.00 |
| 86.9565፣ ግማሽ ሳንቲም ሁልጊዜ ወደ ላይ | 21,739.13 | 3,260.87 | 25,000.00 |
| 86.9565፣ ግማሽ ሳንቲም ወደ ተጋማሽ ቁጥር | 21,739.12 | 3,260.87 | 24,999.99 |

ሦስተኛው መስመር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የባንክ አጠጋግ ይሉታል። ትርፉ ልክ ግማሽ ሳንቲም ሲሆን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወደሚቀርበው ተጋማሽ፣ ማለትም ለሁለት እኩል ወደሚከፈል ቁጥር ይሄዳል፤ እዚህ 21,739.125 የነበረው 21,739.12 ሆነ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በብዙ ሽያጭ ላይ ስሕተቱ ወደ አንድ ወገን እንዳይከማች ያደርጋል። ከፕሮፎርማ ጋር ሲተያይ ግን አንድ ሳንቲም ያጎድልባችኋል። ስለዚህ አራት አሃዝ መያዙ ብቻ አይበቃም፤ የአጠጋጉ ስልትም መታወቅ አለበት።

በየመስመሩ ወይስ በድምሩ?

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ያለ ቫት ዋጋው በ10፣ በ30፣ በ50፣ በ70 ወይም በ90 ሳንቲም የሚያልቅ ዕቃ ሁሉ፣ 15 በመቶው ሲሰላ ልክ ግማሽ ሳንቲም ይተርፈዋል። የ10.50 ብር እስክሪብቶ ቫቱ 1.575 ነው። ሶፍትዌሩ በየመስመሩ ወደ ላይ ካጠጋጋ 1.58 ይሆናል። እንዲህ ያሉ 20 ዓይነት ዕቃዎች፣ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ፣ በአንድ ደረሰኝ ቢገቡ ቫቱ ከትክክለኛው 10 ሳንቲም ይበልጣል። በድምሩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰላ ግን ልክ ይመጣል።

10 ሳንቲም ምን አላት ትሉ ይሆናል። የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ በአንዱ መንገድ፣ ሶፍትዌሩ በሌላው ካሰሉ በየቀኑ ሁለት የተለያየ ቫት ይኖራችኋል። በወሩ መጨረሻ ቫት ስታሳውቁ የቱን ልትይዙ ነው? ይህን ልዩነት ስፈልግ ያመሸሁባቸው ቀናት ቀላል አይደሉም።

ሶፍትዌሮቹ

ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፤ እዚህ ግን ሁላችንም ፒችትሪ ነው የምንለው። ሠራተኛ በቀላሉ ይገኝለታል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም። ለጎንደር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የብዛትና የአንዱ ዋጋ አሃዝ በሴቲንጉ ላይ ለየብቻ ይስተካከላል፤ ሁለት ላይ ካለ ወደ አራት አውጡት። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ነጥብ በራሱ እንዲያስገባ ከተደረገ 250 ስትጽፉ 2.50 ያደርገዋል። አዲስ ሠራተኛ ከመቀመጡ በፊት ይህን ወደ ማኑዋል ቀይሩት።

ኦዱ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ግልጽ ሆኖ ያገኘሁት ነው። በየመስመሩ ወይስ በድምሩ ይጠጋጋ የሚለውን ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ዋጋው ቫትን የጨመረ ነው ብላችሁ ማስገባትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ 100 ብሩ 100 ሆኖ ይቀመጣል፣ ሶፍትዌሩ ከውስጡ ቫቱን ያወጣል። የኛን ደብተር ችግር ከሥሩ የሚነቅለው ይህ ነው። ለጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ጠቅላላውን ወደ 5 ወይም ወደ 25 ሳንቲም አጠጋግቶ ልዩነቱን በራሱ መስመር የሚያሳይ አማራጭም አለው። የዋጋው አሃዝ የሚስተካከልበት ቦታ ግን ተደብቋል፤ የዴቨሎፐር ሞድ የሚባለው የባለሙያዎች ገጽታ ካልተከፈተ አይታይም። የሚገጥምላችሁ ባለሙያ ይህን ሳያሳያችሁ እንዳይሄድ። ነፃው ኦዱ ደረሰኝ ያወጣል፤ ሙሉው የሒሳብ ክፍል ግን ያለው በሚከፈልበት ላይ ነው።

ኢአርፒኔክስት ሙሉው ነፃ ነው። የአጠጋጉን ስልት፣ የባንኩንም ሆነ የተለመደውን፣ በስሙ ጠርቶ ያስመርጣል። እንዲህ የሚያደርግ ብዙ የለም። የደረሰኙን ጠቅላላ ወደ ሙሉ ብር የማጠጋጋት አማራጭም አለው። የመንግሥት ጨረታ የምትሠሩ ከሆነ ይህን አጥፉት፤ አለዚያ ከፕሮፎርማው ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ስለሚፈልግ ለአንዲት ሱቅ አልመክረውም።

ታሊ ለእህል ነጋዴ ነው። ከመተማ ሰሊጥ የሚያመጣ ሰው ጭንቀቱ ዋጋው ላይ አይደለም፣ ብዛቱ ላይ ነው። 37 ኩንታል ከ46 ኪሎ ተኩል ማለት 37.465 ኩንታል ነው። ብዛቱ በሁለት አሃዝ ከተያዘ 37.47 ይሆናል። ኩንታሉ 20,000 ብር ነው እንበል፤ ያቺ ግማሽ ኪሎ 100 ብር ናት። ታሊ ለእያንዳንዱ መለኪያ እስከ አራት አሃዝ ለየብቻ ይፈቅዳል፤ ለኩንታል አራት፣ ለከረጢት ዜሮ ማድረግ ይቻላል። የማጠጋጊያውን ልዩነትም በራሱ ሌጀር፣ ማለትም በራሱ የሒሳብ መዝገብ ይይዘዋል። ኦዲተር ሲመጣ ሳንቲሞቹ የት እንደገቡ በአንድ ገጽ ታሳዩታላችሁ።

ኤክሴልን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን። ችግሩ የሚያሳየውና የያዘው ቁጥር መለያየቱ ነው። ሴሉ 86.96 ያሳያል፣ ውስጡ ግን 86.956521 እንዳለ ነው። ደንበኛው በካልኩሌተር ሲደምረው አይገጥምለትም። በየስሌቱ የማጠጋጊያውን ፎርሙላ ካላስገባችሁ ደረሰኝ አትሥሩበት።

እዚሁ በልጆቻችን የተሠሩ ሶፍትዌሮችም አሉ። አንዳንዶቹ ጎበዝ ናቸው፣ በአማርኛም ይሠራሉ። አንድ ጥያቄ ግን ጠይቁ፤ ገንዘቡ በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠው በፍሎት (ቁጥሩን በቅርብ ግምት በሚይዘው) ነው ወይስ በዴሲማል (እንዳለ በሚይዘው)? ኮምፒውተር በፍሎት 0.1ን በትክክል መያዝ አይችልም። 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። ልጁ «ፍሎት ነው» ካላችሁ እንዲያስተካክለው ጊዜ ስጡት፤ እስከዚያ አትክፈሉ።

ለሆቴሎች

በጥምቀት ሰሞን የሚመጣውን ቡድን አስቡት። ሜኑው ላይ ምግቡ ሁሉን ጨምሮ 200 ብር ነው። ከውስጡ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ቫት ይወጣል። ስለዚህ 200 ለ1.265 ይካፈላል፤ 158.1027 እያለ ይሄዳል። በሁለት አሃዝ 158.10 ብላችሁ ለ30 እንግዳ ብታወጡ ሒሳቡ 5,999.90 ይመጣል። በአራት አሃዝ 158.1028 ሲሆን ልክ 6,000 ነው። ክፍል በዶላር የምትሸጡ ከሆነ ደግሞ የምንዛሪ ተመኑም አራት አሃዝ ይያዝ። በኔ ግምት ለሆቴል ኦዱ ይሻላል፤ ሁሉን የጨመረ ዋጋን የሚይዝበት መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። ለጽሕፈት መሣሪያና ለኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አራት አሃዝ የተደረገለት ፒችትሪ ይበቃል።

ሻጩ ሊያሳያችሁ ሲመጣ የራሱን ምሳሌ እንዲያስገባ አትፍቀዱለት። ሦስት ደረሰኝ እናንተ ስጡት። 250 ደብተር፣ ቫትን ጨምሮ በ100 ብር። ያለ ቫት ዋጋቸው በ50 ሳንቲም የሚያልቅ 20 ዕቃዎች። 37.465 ኩንታል ሰሊጥ። ውጤቱን አትማችሁ ከላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር አስተያዩት። ከዚያ የማጠጋጊያው ልዩነት በየትኛው ሌጀር እንደገባ ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። «ሳንቲም እኮ ነው» ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።