ለዚያች የበረራ አስተናጋጅ ምስጋናዬ ይድረሳት

ወገኖቼ፣ እናቴንና ልጄን ይዤ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ በጭንቅ ሰዓት የደረሰችልንን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዚያ በፊት በሌላ አየር መንገድ የደረሰብን አሁንም ያንገበግበኛል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ዊልቸር አስቀድመን ጠይቀን ትራንዚት ላይ ዞር ብሎ ያየን የለም። አውሮፕላን ውስጥ ጆሮዋን ሲያማት ውሃ ብንለምን «ቁጭ በሉ!» ብለው ተቆጡን። ቅሬታ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። «ሁለተኛ አልሳፈርም» ያለችውን እናቴን ለምኜ ነው ያሳፈርኳት።

በዚህኛው በረራ ምግብ እየተነሳ ሳለ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ቅዝቃዜ ገባ፣ ከራሳችን በላይ ያለው ክዳን ተከፍቶ ቢጫ ጭምብሎች ተንጠለጠሉ። ምኑ እንደተበላሸ ዛሬም አላውቅም፤ የተነገረን የውስጡ የአየር ግፊት መውረዱን ብቻ ነው። ልጅቷ ጋሪዋን ይዛ አጠገባችን ነበረች። ፍሬኑን ረገጠች፣ እኛ ረድፍ ላይ ባለው ባዶ ወንበር ዘፍ ብላ ጭምብሉን መጀመሪያ ለራሷ አጠለቀች። እናቴ የራሷን ትታ ለልጄ ልታደርግለት ስትንጠራራ እጇን ያዝ አድርጋ ወደ ራሷ ፊት መለሰችው። ነጠላዋን ከአፏ ገለጥ፣ ላስቲኩን ወደ ኋላ። ከዚያ ለልጄ። «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ሁሉም አልቋል።

በኋላ የሙያው ሰው ሲያስረዳኝ ነው የደነገጥኩት። በ35,000 ጫማ ከፍታ ያለ ኦክስጅን ሰው ራሱን የሚያውቀው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ገደማ ነው አሉ። እናቴ ከልጄ ጭምብል ጋር ስትታገል ራሷን ብትስት ኖሮስ?

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ደፍቶ ሲወርድ ደግሞ ሁሉም አለቀልን ብሎ ጮኸ። እሷ መዳፏን ዘርግታ ወደ ታች አሳየችን፣ አውራ ጣቷንም ቀና አደረገች። ለካ አብራሪው ሆን ብሎ ነው ወደ 10,000 ጫማ የሚያወርደን፤ እንጦጦ አናት ላይ እንደሚተነፈሰው ያለ አየር ወዳለበት።

ከተረጋጋ በኋላ ትንሽ የኦክስጅን ጠርሙስ አንግታ በየረድፉ ዞረች። እናቴ ጋ በርከክ ብላ ከንፈሯንና ጥፍሯን አየች። «እማማ፣ አይዞዎት፣ አልፏል። አሁን ያለ ጭምብል ይተንፍሱ» አለቻት። ጆሮዋ እንዲከፈትላት ውሃ አምጥታ ጎንጨት ጎንጨት አስባለቻት። ያቺ በሌላው ቦታ ለምነን የተከለከልናት ውሃ! እናቴ እጇን ይዛ አልለቅም አለች።

እነዚህ ልጆች ሻይ አቅራቢ ብቻ የሚመስሉን ብዙ ነን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2005 ግሪክ ውስጥ በወደቀው ሄሊዮስ የተባለ አየር መንገድ አውሮፕላን የአየር ግፊቱ ጠፍቶ ሌላው ሰው ራሱን ሲስት፣ አንድ ወጣት የበረራ አስተናጋጅ ነቅቶ አብራሪዎቹ ክፍል ገብቶ ነበር። 121 ሰው አለቀ፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ታግሏል።

እባካችሁ፣ ከመነሳታችን በፊት ጭምብሉን ሲያሳዩ ስልካችሁን አስቀምጡና እዩ። «ለራሳችሁ አስቀድሙ» ሲሉ እሺ በሉ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ላሳደገችሽም እናት ዕድሜ ይስጥልኝ። የበረራውን ቀንና የወንበራችንን ቁጥር ጠቅሼ የምስጋና ደብዳቤ ለአለቆቿ ልኬያለሁ። እናንተም እንዲህ ያለች ሠራተኛ ስትገጥማችሁ ጻፉላት፤ ቅሬታ ለመጻፍ የሚተጋው እጃችን ለምስጋናም ይትጋ።