የአዳራሻችንን ድምፅ ላስተካከለችልን ቴክኒሻን፦ እጅሽ ይባረክ!

ይህን የምጽፈው አንዲት የድምፅ ቴክኒሻን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሟን እዚህ አላወጣም፤ እሷም አልፈለገችም። ሥራዋን ግን በደንብ አድርጌ እናገራለሁ። በእኛ ዓይነት ችግር አምፕሊፋየር (አምፕ፣ የድምፅ ማጉያውን) የሚያቃጥል ሰው ብዙ ነውና።

የስብሰባ አዳራሻችን ውስጥ 6 ስፒከሮች አሉ፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ 2። ሁሉም ባለ 8 ኦም ናቸው፤ ኦም ስፒከሩ ለከረንት ያለውን ተቃውሞ መለኪያ ነው። አምፑ 120 ዋት ነው። ድምፁን ትንሽ ከፍ ስናደርገው አምፑ ይግላል፣ የፕሮቴክሽን መብራቱ ቦግ ይላል፣ ከዚያ ጭጭ። መድረክ ላይ ያለው ሰው ማይኩን መታ መታ እያደረገ ይቀራል። ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይነሳል። ከእሷ በፊት ያዩልን ሰዎች መልሳቸው አንድ ነበር፦ «አቅም አንሶታል፣ ትልቅ ግዙ።»

እሷ አምፑን አልከፈተችውም። ዞር ብላ ከጀርባው ያሉትን ተርሚናሎች (የሽቦ ማሰሪያዎች) አየች። ስምንቱም ስፒከሮች በፓራሌል (ጎን ለጎን) ተያይዘው «4 ኦም» የሚለው ላይ ገብተዋል። ወረቀት አወጣችና ጻፈችልን። ባለ 8 ኦም ስፒከር ሁለት ሆኖ በፓራሌል ሲያያዝ 4 ኦም ይሆናል። አራት ሲሆን 2፣ ስምንት ሲሆን 1። አምፑ ከ4 በታች አትስጡኝ እያለ የተሰጠው 1 ነው! ኦሙ በቀነሰ ቁጥር የሚሳበው ከረንት ይጨምራል፤ ግለቱ ከዚያ ነው የመጣው። ትልቅ አምፕ ብንገዛም ያው 1 ኦም ይጠብቀው ነበር።

ሽቦውንም አልተወችውም። ወደ መጨረሻው ስፒከር የሚሄደው 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ነው፣ 50 ሜትር ግድም። ሄዶ ሲመለስ 100 ሜትር ይሆናል፤ ሽቦው ብቻውን ከ1 ኦም በላይ አለው ማለት ነው። ስፒከሮቹ በጠቅላላ 1 ኦም ሆነው ሽቦውም 1 ኦም ከሆነ ጉልበቱን ማን እንደበላው ግልጽ ነው።

መፍትሔው አጠገባችን ነበር። አምፑ ላይ «100 ቮልት» የሚል ሌላ ተርሚናል አለ፤ ማንም ነክቶት አያውቅም። እሱን ለመጠቀም ግን እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። እዚህ ጋ ነው እኔ በጣም የወደድኩት ነገር ያለው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን የሚቀንሰው በጥምጥሙ ዙር ልክ ነው። ኢምፔዳንሱን (ያንኑ በኦም የሚለካውን ተቃውሞ) የሚለውጠው ግን ያ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ነው። ዙሩ 11.2 ለ 1 ከሆነ ኢምፔዳንሱ 125 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያው ባለ 8 ኦም ስፒከር ከአምፑ በኩል ሲታይ 1000 ኦም ነው። 100 ቮልት በ1000 ኦም ላይ ደግሞ ልክ 10 ዋት ይሰጣል።

ደስ የሚለው፣ ይህን ስሌት በየቀኑ መሥራት አያስፈልግም። ትራንስፎርመሩ ላይ 10፣ 5፣ 2.5 ዋት ተብሎ ተጽፎ እያንዳንዱ የራሱ ሽቦ አለው። የሚፈለገውን መርጦ ማሰር፣ ከዚያ ዋቱን መደመር ብቻ ነው። የአዳራሹን ስድስቱን በ10፣ የኮሪደሩን ሁለቱን በ5 አሰረቻቸው። ድምር 70 ዋት። ለአምፑ ይህ 143 ኦም አካባቢ ነው፤ እሱ ደግሞ ዝቅ ቢል እስከ 83 ድረስ ይችላል። ከ120 ዋቱ አንድ አምስተኛውን ሁልጊዜ ሳይነካ መተው እንደሚሻልም ነገረችን። እንግዲህ ወደፊት ሁለት ስፒከር ብንጨምርም ቦታ አለን። ያ 1 ኦም ሽቦም አሁን ከ143ቱ አጠገብ ከቁጥር አይገባም።

ኮርኒሱ ስር መሰላል ላይ ሆና ስትሠራ አየኋት። ትራንስፎርመሩን ከማሰሯ በፊት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ወስዳ የስፒከሩን ሁለት ጫፎች ለአፍታ ትነካለች። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ወጣ ካለ ፕላሱ ትክክል ነው። አንዱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተገልብጦ ታስሮ ኖሯል። እሱና ጎረቤቱ ስንት ጊዜ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጠፋ እንደከረሙ ማን ያውቃል።

ሁሉም ከታሰረ በኋላ አምፑን ከማብራቷ በፊት መስመሩን ለካች። በተራ መልቲሜትር አይደለም። መልቲሜትር የሚያሳየው የጥምጥሙን የሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ትክክለኛውን ጭነት አይነግርም። የኢምፔዳንስ መለኪያ ይዛ ነበር፣ በ1000 ኸርዝ የሚለካ። 140 አካባቢ ሲያሳይ ነው «አሁን አብሩ» ያለችው።

ጉዳቱንም ሳትደብቅ አስቀድማ ነግራናለች። ትራንስፎርመር ትንሽ ኃይል ይበላል። 1 ዴሲቤል ከጠፋ ከኃይሉ አንድ አምስተኛው ግድም ሄደ ማለት ነው። ዋናው ጣጣ ግን ቤዝ ላይ ነው። ድምፁ በጣም ሲወፍር የትንሿ ትራንስፎርመር ብረት ከሚችለው በላይ ማግኔት ይሞላበትና ኢምፔዳንሷ ይወርዳል፤ አምፑ እንደገና ይጨነቃል። ለዚህ ብላ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ሚክሰሩ ላይ ቆረጠችው። ለንግግር ምንም አልጎደለብንም። ደረት የሚመታ ሙዚቃ የሚፈልግ ግን ይህ መንገድ የሱ አይደለም፤ ጥቂት ትልልቅ ስፒከሮች በወፍራምና አጭር ሽቦ ይሻሉታል።

በነገራችን ላይ፣ አንድ ጓደኛዬ ቤቱ ላለው አምፕ ትራንስፎርመር ልትሸጥለት ትችል እንደሆነ ጠይቋት ነበር። አምፑ ከ8 ኦም በታች አይፈልግም፣ ስፒከሮቹ ግን በአንድ ቻናል ሁለት ሁለት ባለ 4 ኦም ናቸው። «ሁለቱን በሲሪስ፣ አንዱን ከሌላው አስከትለህ እሰራቸው፣ 8 ይሆናሉ፤ ምንም አትግዛ» ብላ ሸኘችው። ሽያጭ ፊቷ ቆሞ እንዲህ የሚል ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ስትሄድ አምፑ ላይ ወረቀት ለጠፈችልን፦ የትኛው ስፒከር በስንት ዋት እንደታሰረ፣ ድምሩ ስንት እንደሆነ። ከስሩ ሁለት ማሳሰቢያ አለ። 100 ቮልት መስመር ይነዝራል፣ አምፑን ሳታጠፉ ሽቦ አትንኩ። እንዲሁም 4 ኦም ተርሚናሉና 100 ቮልት ተርሚናሉ ላይ በአንድ ጊዜ ምንም አታስሩ። የትራንስፎርመር ዕቃ ስትገዙም መስመሩ 70 ነው ወይስ 100 ቮልት ብላችሁ እዩ አለችን፤ ለ100 የተሠራው 70 ላይ ሲታሰር የተጻፈበትን ዋት ግማሽ ብቻ ነው የሚሰጠው።

እንከን ካላችሁኝ፣ ስልክ ላይ ቶሎ አትገኝም። መሰላል ላይ ከሆነች ጭራሽ አታነሳም፤ መልእክት ብትተዉላት ይሻላል። ሥራም ስትጀምር ቀስ ትላለች፣ ችኩል ሰው ያበሳጫል። እኔ ግን ያ አምፕ ረጅም ስብሰባ ሲውል እጄን ላዩ ላይ ጭኜ ለብ ብሎ ብቻ ሳገኘው ሁሉንም ረስቼዋለሁ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጃት እልክላችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የአምፑን የጀርባ ፎቶ አንሱ፤ የስፒከሮቹን ብዛትና ኦም፣ የሽቦውንም ርዝመት ያዙ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።